ዱዓ የተደረገለት ወረቀት

የኅብረተሰብ ጤና የማስተርስ ጥናቴን ልሠራ ኡጋንዳ ለመሄድ ቀናት ሲቀሩኝ፣ አማካሪዬ «መጠይቅሽን መጀመሪያ እዚሁ ሞክሪው» አለኝ። ጥያቄዎቹን ወደ አማርኛ መለስኩና ከደሴ ሐርቡ ወረድኩ። በመጀመሪያው ቤት እትዬ ዘሀራ የሚባሉ እናት መደብ ላይ አስቀመጡኝ። «ከቤትዎ በወሊድ የሞተ ሰው አለ?» ብዬ አነበብኩላቸው። ልጃቸው ሰዓዳ ምጥ ይዟት፣ በቃሬዛ እንደተጫነች አምቡላንስ ስትጠብቅ መንገድ ላይ መቅረቷን ነገሩኝ። «ወላሂ፣ እስከ ዛሬ የጠየቀኝ የለም» አሉ። እኔ «አዎ» የሚለው ላይ ራይት አደረግኩ።

ስጨርስ ጎረቤቶቻቸውን ጠሩ። ወረቀቱን ከእጄ ተቀብለው መሀል አስቀመጡትና ዱዓ ያዙ። «ያ አላህ፣ ይቺን ወረቀት ለሚሰማ ሹም አድርስልን! የሰው ልጅ እንደ ሰዓዳ መንገድ ላይ አይቅር!»

«አሚን!» አሉ ሁሉም።

ወረቀቱ የመለማመጃ እንደሆነ፣ ደሴ ስገባ ተቀዶ እንደሚጣል ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። እትዬ ዘሀራ እጃቸውን እንደዘረጉ ዓይን ዓይኔን ያዩኛል። ምን ልበላችሁ፣ ከአፌ የወጣው «አሚን» ነው።