ጠመኔው ሳይጠፋ

በእኛ መንገድ ላይ ከእኔ የበለጠ ያነበበ ሰው ከተገኘ የመጽሐፍ መደብሬን ቁልፍ አስረክበዋለሁ። በግድግዳ የሚዋሰኑኝ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ ግን፣ «አንተ እኮ ማውጫ አንብበህ መጽሐፉን ጨረስኩ የምትል ሰው ነህ» ይሉኛል። ሐሰት ነው፤ መቅድሙንም አነባለሁ።

አንድ ማለዳ የእህቴ ልጅ የተዋሰችውን መጽሐፍ ልትመልስ ጎራ አለች። የአጥንት ቀዶ ሐኪም ናት፤ በተለይ የእጅ። ብልህነቱን ከማን እንደወረሰችው አንባቢ ይገምት። ገና ሳንጨዋወት ልብስ ሰፊው ገቡና ቁልፋቸውን በግራ እጃቸው ዘረጉልኝ።

«አዙርልኝ እስቲ፣ ጎረቤት።»

አራት ወር ሙሉ በየማለዳው የማዞረው እኔ ነኝ። ሥራ እንኳ የላቸውም። ሱቁን የሚያስከፍቱኝ በግድግዳው ላይ ከተሰቀለው ካፖርት ፊት ለፊት ለመቀመጥ ነው። ካፖርት ማለቴ ገና የተቆረጠ ጥቁር ሰማያዊ ጨርቅ ነው። ሟች ባለቤታቸው ቆራጭ ነበሩ፣ እሳቸው ሰፊ። አርባ ዓመት ለሰው ሲያለብሱ ኖረው፣ «ዘንድሮስ ለአንተ ነው» ብለው ቆረጡላቸውና ሳይሰፋ ሞቱ። በጨርቁ ላይ የቀረው የእጃቸው ጠመኔ ብቻ ነው።

«አባባ፣ ቀኝ እጅዎ ምን ሆነ?» አለች ልጅቱ።

«ወለምታ ነው የኔ ልጅ። ደረጃ አንሸራቶኝ በመዳፌ ተደግፌ ወደቅኩ። ራጁ ንጹህ ነው ብለውኛል፤ ወጌሻውም በየሳምንቱ ያሽልኛል።»

ሱቃቸውን ከፈትኩላቸውና ልጅቱ ተከትላቸው ገባች፤ እኔም ከኋላ። እጃቸውን በመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ አስተኝታ አውራ ጣታቸውን ወደ ላይ አስነሣችና ከሥሩ ያለችውን ጎድጓዳ ጫን አለቻት። ሽማግሌው እንደ ሕፃን «እህ!» አሉ።

«ራጁን የተነሡት መቼ ነው?»

«የወደቅኩ ዕለት።»

«ከዚያስ ተመልሰው ይምጡ አላሉዎትም?»

እኔ ጣሪያውን ማየት ጀመርኩ። ሽማግሌው ግን በአገጫቸው ወደ ስፌት መኪናዋ ጠቆሙ። ልጅቱ ጎንበስ ብላ፣ ከሚንገዳገደው እግር ሥር ለአራት የታጠፈ ካርድ አወጣች። «በሁለት ሳምንት ይመለሱ» ይላል።

«ማነው እዚህ የከተተው?»

«አጎትሽ ነዋ! ‹ንጹህ ከተባለ ምን ያመላልስዎታል፣ ይልቅ መኪናዋን እናስተካክልበት› አለኝ። እጄንም መጀመሪያ የሳበው እሱ ነው። ቋ ሲል፣ ‹ገባ!› ብሎ ሰፈሩን አስጨበጨበ።»

ሰፈሩ አላጨበጨበም፤ ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ። ልጅቱ እንዳየችኝ ዓይነት እናቷ እንኳ አይታኝ አታውቅም።

«አባባ» አለች፣ «ስፌት ሲላላ የዚያኑ ዕለት ይታያል?»

«የት ይታያል! ሲሰነብት ነው አፉን የሚከፍተው።»

«ስንጥቅም እንዲሁ ነው። ይህች አጥንት የባቄላ ፍሬ ብታክል ነው። በመጀመሪያው ራጅ ላይ ትደበቃለች፤ ስለዚህ ነው አስረን ተመለሱ የምንለው። ደሟን የምታገኘው ደግሞ ከሞላ ጎደል በአንድ ጫፏ ነው። ተሰብራ ሳለ ስትታሽ ወዲያኛው ግማሽ ደም ይርበዋል። ዳግም ራጅ ይነሡ። የምፈራው ከሆነ ከፍተን፣ ከዳሌዎ ጥቂት አጥንት ሞልተን በትንሽ ብሎን እናጋጥማታለን።»

«ቢላዋ?» እጃቸውን ነጠቋት። «አይሆንም! የተሰበረውን እጠግናለሁ ብሎ ደህናውን መቁረጥ ምን የሚሉት ሕክምና ነው?»

ልጅቱ ወደ ግድግዳው ዞረች። «ሳይቆረጥ የተሰፋ ካፖርት አይተው ያውቃሉ፣ አባባ?»

ሽማግሌው ጨርቁን አዩ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

«እንደ ድሮው ይሆንልኛል?»

«አልምልልዎትም። ምናልባት እንደ በፊቱ አይታጠፍም። መርፌ ይይዛል ብዬ ግን ተስፋ አደርጋለሁ። ዝም ካልነው አንጓው በሙሉ ይበላሻል።»

«ስንት ጊዜ በጀሶ?»

«ሦስት ወር ያህል።»

«ጠመኔው እኮ አይቆይልኝም። መስኮት በከፈትኩ ቁጥር ይረግፋል። የእሷ መስመር ሳይኖር ምኑን ልሰፋ?»

ያኔ ነው እኔ፣ መጽሐፍ ያጠገበኝ ሰው፣ አንድ ጠቃሚ ነገር የተናገርኩት። «በመስመሩ ላይ ነጭ ክር ላስኪድበት። ጠመኔው ቢጠፋ ክሩ ይቀራል።»

«እሷ በቆረጠችው ላይ የሌላ ሰፊ መርፌ አይገባም ብዬ ምያለሁ።» ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። «አንተ ግን ሰፊ አይደለህም፤ አይቆጠርም።»

አዲሱ ራጅ ክፍተቱን ቁልጭ አድርጎ አሳየ፤ ቀዶ ጥገናውም ተደረገ። እሳቸው እጃቸውን በጀሶ አንግተው ሲቆጣጠሩኝ እኔ ሰፋሁ። በዓለም ላይ እንዲህ ያለ ቀጥ ያለ ስፌት ታይቶ አይታወቅም ብል እሳቸው፣ «ዶሮ የሄደችበት ነው የሚመስለው» ይላሉ። ሌላም ሥራ ነበረኝ፤ መደብሬ ገብቶ እጄን ወለም አለኝ የሚለኝን ሁሉ፣ «አትታሽ፣ ታሰር፣ ቀጠሮህን አክብር፤ ራጁ ንጹህ ቢሆንም ተመለስ» እያልኩ አባርራለሁ። ባለፈው የመጣው ዳቦ ጋጋሪ ሰምቶኝ በጊዜ ታስሮ፣ ያለ ቢላዋ ድኖ ሊጡን እያቦካ ነው። ጎረቤቴም በጊዜው ቢታሰሩ ይህ ሁሉ ባልመጣ ነበር፤ ያን ካርድ ከመኪናዋ እግር ሥር የከተትኩት ደግሞ እኔ ነኝ።

ጀሶው ወጥቶ እጃቸው እስኪፍታታ ሌላ ሦስት ወር ፈጀ። አንድ ማለዳ ቁልፍ ይዘው አልመጡም። ብወጣ ሱቁ ተከፍቷል፤ ራሳቸው አዙረውታል። ካፖርቱን በራሳቸው እጅ ሰፍተው፣ ለብሰውት ቆመዋል፤ እንዲያ ያማረ ካፖርት ንጉሥም አልለበሰም። የግራው ኪስ ክዳን ግን ሳይሰፋ ተንጠልጥሏል።

«ይህቺን ረሷት፣ ጋሼ።»

«አልረሳኋትም» አሉና በዳነው እጃቸው ጣት፣ ሳይነኳት፣ በላይዋ አለፉ። «የእሷ ጠመኔ ገና አለባት።»