ባዶውን የማይመለስ ምሳ ዕቃ

እስቲ ዝም በሉልኝ! ይህን ማይክ ከአንክል ሴልቫም እጅ ለማስለቀቅ ስንት ተለማምጫለሁ። አሁን እጄ ከገባ ሆዴ ያለውን ሳልጨርስ አልመልስም።

ማክ ቺክ ዛሌሃ፣ እርስዎ እዚያው ቁጭ ይበሉ። “ወጥ ቤት ገብቼ ሩዙን ልይ” ብሎ ነገር የለም። ሩዙ ደህና ነው። የዛሬ ሥራዎ ተቀምጦ መሰደብ ብቻ ነው።

ለማታውቁኝ እንግዶች፣ ስሜ ሱይ ኔም ይባላል። ከበርማ፣ ከቺን ተራሮች ተሰድጄ እዚህ ኩዋላ ሉምፑር የገባሁ ሴት ነኝ፤ ዛሬ በዚህ የሠፈር ቤት የማክ ቺክ ዛሌሃ ረዳት ነኝ። ረዳት ማለት ሽንኩርት የሚልጥና ሽንኩርቱ ሲወፍር የሚቆጡት ሰው ማለት ነው። ማክ ቺክ የምንላቸው አክስታችን ስለሆኑ ነው፤ አክስትነታቸውን እኛ ሰጠናቸው እንዳልል፣ ቀድመው እሳቸው ወስደውታል።

ጡረታ ሲወጡ ይህ ሁለተኛቸው ነው። መጀመሪያ ከፖስታ ቤት ወጡ። ኬክ ተቆረሰ፣ ተጨበጨበ፣ “በሉ እንግዲህ ይረፉ” ተባሉ። ሳምንት ሳይሞላ እኛ በር ላይ ቆመው ተገኙ። ያኛው ጡረታ አልያዘላቸውም። የዛሬው ይያዝላቸው እንደሆነ እናያለን።

ያን ቀን ልንገራችሁ። ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ሦስት ቤተሰብ አንዲት ቤት ውስጥ አንሶላ ጋርደን የምንኖርበት ጊዜ ነበር። በሩ ተንኳኳ። ዝም አልን። በዚያን ዘመን በር ሲንኳኳ እስትንፋስን መዋጥ ልማዳችን ነበር። የአገሬ ልጅ ፑ ቢያክ በቀዳዳ አየና በሹክሹክታ፣ “ፖሊስ አይደለም፤ ጃንጥላ የያዙ ሴትዮ ናቸው” አለ። ከፈትን። ጃንጥላ በአንድ እጅ፣ በሌላው እጅ አራት ደረጃ ሆኖ የተደራረበ፣ ባለ እጀታ የብረት ምሳ ዕቃ። የኮኮናት ወጡ ሽታ ከእሳቸው ቀድሞ ገባ።

“እኔ አራተኛ ፎቅ ነኝ፣ ጎረቤታችሁ። በልታችኋል?”

ቋንቋውን የሚያውቀው ፑ ቢያክ ብቻ ነበርና ተረጎመልን። እኛም በአንድ ድምፅ “በልተናል! ጠግበናል!” አልን። ጠግበናል! ከትናንት ወዲያ የበላነው ሩዝ በጨው ነው። ግን በእኛ አገር ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ምግብ ሲያቀርብልህ እጅህን ዘርግተህ አትቀበልም። ነውር ነው፣ ይሉኝታ አለ። ሰውየው ይለምንሃል፣ አንተ እንቢ ትላለህ፣ ደግሞ ይለምንሃል፣ በመጨረሻ “እንግዲህ ካላችሁ” ብለህ ትቀምሳለህ። ሥርዓቱ ይህ ነው።

ማክ ቺክ ሥርዓቱን መቼ ያውቃሉ! “አልሃምዱሊላህ፣ ደስ ይላል” ብለው ምሳ ዕቃውን አንጠልጥለው ደረጃውን ወጡ። ጭራሽ እያዜሙ! ልጄ “እማ፣ ወዴት እየወሰዱት ነው?” አለኝ። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞርኩት።

በማግስቱ መጡ። ዶሮ! “በልታችኋል?” “ጠግበናል!” “አልሃምዱሊላህ!” ዶሮው ወጣ። ያን ቀን ፑ ቢያክ ራሱን ይዞ፣ “ሴትዮዋ አንድ ጊዜ እንኳን አይለምኑንም እንዴ?” እያለ ሲያማርር ዋለ።

የቀረውን የነገሩኝ አንክል ሴልቫም ናቸው፤ እኒህ የእኛን ዕቃና ልጆች በአሮጌ መኪናቸው ሲያመላልሱ ያረጁ በጎ ፈቃደኛ፣ ምስጢር እንደ ወንፊት የሚይዙ ሰው። ማክ ቺክ ሄደው “እነዚህ ስደተኞች ተርበዋል ብለኸኝ አልነበር? ኧረ ሁልጊዜ ጠግበዋል!” ይሏቸዋል።

አንክል ሴልቫምም “አንቺ እኔ ቤት ስትመጪ፣ ባለቤቴ ብዪ ስትልሽ ምን ትያለሽ?” ይላሉ።

“ጠግቤያለሁ እላለኋ።”

“ጠግበሽ ነው?”

ማክ ቺክ ጃንጥላቸውን አንስተው ወደ ድስታቸው ሮጡ።

በሦስተኛው ቀን መጡና ምንም አልጠየቁም። ምሳ ዕቃውን ደፉ ላይ አስቀመጡት። “ልጆች፣ ከባድ ነው፣ ደረጃው አድክሞኛል። ይህን ዕቃ አቆዩልኝ፤ ነገ እወስደዋለሁ። ውስጥ ያለው ግን ለነገ አይደርስም፣ ሙቀቱ ያበላሸዋል፤ ምግብ ማበላሸት ደግሞ ኃጢአት ነው።” ብለው ጃንጥላቸውን ይዘው ውልቅ!

እንግዲህ የጎረቤትን ዕቃ አላቆይም ይባላል? አይባልም። ተቀበልን እንዳንባል አልተቀበልንም፣ አቆየን እንጂ። አቆየንና ጠርገን በላን። ፑ ቢያክ ጣቱን እየላሰ “ሴትዮዋ ሥርዓት ገባቸው” አለ።

ከበላን በኋላ ግን እኔ ጭንቅ ያዘኝ። በእኛ ዘንድ የሰው ዕቃ ባዶውን አይመለስም። ቤት ውስጥ ምን አለ? ምንም። ወጣሁና ከባቡሩ ሐዲድ ዳር የበቀለ የከርከዴ ቅጠል ለቅሜ፣ እንደ አገራችን አድርጌ ኮምጣጣ ሾርባ ሠራሁ። ማክ ቺክ መጡ፣ ክዳኑን ከፈቱ፣ እዚያው ቆመው ቀመሱ። ፊታቸው ሎሚ እንደላሰ ሕፃን ተጨማደደ! ከዚያ ቀና አሉና ዓይኔን እያዩ “እንዴት ይጣፍጣል!” አሉ።

ያን ጊዜ ነው የወደድኳቸው። እኒህ ሴትዮ ልክ እንደ እኛ ይዋሻሉ አልኩ።

ለካ እሳቸውም ቤት ዕቃ ባዶውን አይመለስም! እሳቸው ሞልተው ያወርዱታል፣ እኔ ሞልቼ አወጣዋለሁ። ይኸው ስንት ዓመት፣ ያ ምሳ ዕቃ አንድ ቀን ባዶውን አድሮ አያውቅም። ሥጋ ስናደርግበት እንኳን እሳቸው ከሚገዙበት ሙስሊም ሥጋ ሻጭ ዘንድ ሄደን ነው። ሾርባዬን ሲያጣጥሙ ቋንቋ አስተማሩኝ። ቋንቋውን ስይዝ ጎረቤቶቹ ስለ ሾርባው ጠየቁኝ። የመንግሥት ትምህርት ቤት ስደተኛ ብሎ የማይቀበላቸው ልጆቻችን ለወጥ ብለው እሳቸው ቤት ሲመጡ፣ እዚያው ወለል ላይ ፊደል መቁጠር ጀመሩ። የልብስ ስፌቱ መጣ፣ የአንክል ሴልቫም መኪና መጣ። ይህ ዛሬ የተሰበሰብንበት ቤት በስብሰባ የተቋቋመ እንዳይመስላችሁ። ከምሳ ዕቃ ነው የተፈለፈለው።

አሁን ወደ ጠባያቸው ልምጣ። ማክ ቺክ፣ አይገላምጡኝ፤ ማይኩ እኔ ጋ ነው።

ስልክ ደውለን “የት ደረሱ?” ስንላቸው “መንገድ ላይ ነኝ!” ይላሉ፤ ከኋላ የመታጠቢያ ቤቱ ውሃ ሲንዠቀዠቅ ይሰማል። በር ላይ የወለቀ ጫማ ሲያዩ እጃቸው አያርፍም፤ ከትልቅ እስከ ትንሽ ይደረድሩታል፤ ከስብሰባ ስንወጣ ሁላችንም ጫማችንን ፍለጋ እንሰለፋለን። የሰው ድስት ከፍተው ሳይቀምሱ አያልፉም። ቀምሰው “ጨው አነሰው” ይላሉ። ጨው አነሰው ያላሉበት ድስት ካለ ይመስክር! የለም። ባሕሩንም ቢቀምሱ ጨው አነሰው ይላሉ።

እና ጎርፉ የመጣ ጊዜ! ወንዙ ዳር ያሉት ቤቶች በውሃ ተሞሉ፣ ሰዎቻቸው የትምህርት ቤቱ አዳራሽ ገቡ። ተራው የእኛ ሆነ። የቺን ወንዶች ፍራሽና ሽማግሌ በጀርባቸው ተሸክመው አወጡ፤ እኛ ሴቶቹ ሩዝ በትልልቅ ድስት ይዘን አዳራሹ ደረስን። “በልታችኋል?” አልኩ፣ ሞኟ። አንዲት ቀሚሷ ከወገብ በታች የረጠበ ጎረቤታችን ፈገግ ብላ፣ “ጠግበናል እህቴ፣ አትቸገሩ” አለችኝ። ዞሬ ማክ ቺክን አየኋቸው። በሳቅ ጃንጥላቸውን ተደግፈዋል። “አንቺ ልጅ፣ ምን ትጠይቂያለሽ? አስቀምጪና ሂጂ!”

አስቀምጬ ሄድኩ። በሳምንቱ ድስቴ ተመለሰ። ባዶውን አልነበረም።

አሁን ሳቁን ትንሽ ላቁመው።

ከባለፈው የረመዳን ጾም ወዲህ ማክ ቺክ ወደ አራተኛ ፎቅ ሲወጡ ግድግዳውን ይይዛሉ። በየፎቁ ቆመው በመስኮት የሚያዩ ይመስላሉ። እኔ ከኋላ ስደርስ፣ “ማክ ቺክ፣ ጉልበትዎ ነው?” እላለሁ። “ደህና ነኝ።” “ቦርሳውን ልያዝልዎ?” “አልከበደኝም።” “ዛሬ እኔ ጋ ይደሩ?” “ኧረ ምን አጣሁ ብዬ።” ይህን መልስ የት እንደማውቀው ታውቃላችሁ። ጠግቤያለሁ ማለት ነው።

ከዚያ አንክል ሴልቫም እንደ ልማዳቸው ምስጢሩን አፈሰሱት፦ ማክ ቺክ ጡረታ ከወጡ በኋላ ሩቅ ከተማ፣ ኮታ ባሩ፣ የወንድማቸው ልጅ ዘንድ ሊሄዱ ነው። ደረጃ የሌለበት ቤት አለው አሉ። “መሄድ ፈልገው ነው?” አልኳቸው። “አይ፣ ሁለት ቀን አልቅሳለች። ግን እዚህ ማንን ላስቸግር ትላለች” አሉኝ።

ማንን ላስቸግር! እኛን ማስቸገር! እኛ አገር አጥተን፣ ስም እንኳን በወጉ የማይጠራልን ሆነን በመጣን ጊዜ፣ ይህ ከተማ ቤታችን ሊሆን ይችላል ብለን ያሰብነው እኒህን ሴትዮ ደረጃ ሲወርዱ አይተን ነው። እሳቸው ያንኑ ደረጃ መውጣት ስላቃታቸው ከተማውን ለቀው ሊሄዱ? በስተርጅና፣ ከወንድማቸው ልጅ በቀር ማንንም በማያውቁበት፣ አዲስ መጤ ሊሆኑ? እኔ አዲስ መጤነትን አውቀዋለሁ። አልመኝላቸውም።

በዚያው ዕለት ወጥ ቤት ተሰበሰብን። ብዙ አላወራንም። ዛሬ ምድር ቤት የሚኖረው ፑ ቢያክ ነው፤ የእሱም የማክ ቺክም ቤት አከራይ አንድ ሰው ናቸው፣ በኋላ ስንነግራቸው ቤት መለዋወጡን ተስማምተዋል። ፑ ቢያክ እጁን አወጣና “እኔ ተራራ ላይ የተወለድኩ ሰው፣ አራት ፎቅ ምኔ ነው? ከዚያ ላይ እንዲያውም አየሩ አገሬን ይመስላል። እኔ ልውጣ፣ እሳቸው ይውረዱ” አለ። ሚስቱም “መጋረጃውን አጥቤዋለሁ” አለች። አለቀ።

ማክ ቺክ ዛሌሃ፣ ከፊትዎ ያለውን ምሳ ዕቃ ይክፈቱት። አዎ፣ የላይኛውን። ከታች የከርከዴ ሾርባዬ አለ፣ ጨው አንሶታል። ከላይ ያለው ቁልፍ ነው፣ የምድር ቤቱ።

ልብ ይበሉ፣ እኔ አልጠየቅኩዎትም። ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት፣ ከጠየቅኩ የሚሉትን አውቀዋለሁ። ቁልፉን እኛ ጋ ማስቀመጥ ከብዶናል፤ እባክዎ ያቆዩልን። ነገ እንወስደዋለን። ነገ ስንመጣ ደግሞ ምናልባት ረስተነው እንመለሳለን፤ ከነገ ወዲያም እንዲሁ። ምሳ ዕቃውን ግን መቼም አንረሳውም።

አንክል ሴልቫም፣ መሀረብ ያቀብሏቸው። ለራስዎም አንድ ያስቀሩ።

እንግዲህ ሁላችሁም ተነሱ! ያን ሮዝ የወተት ሽሮፕ ያዙ፤ በረዶው ሳይቀልጥ። ማክ ቺክ፣ እርስዎ አይነሱ፣ ከእንግዲህ ለእርስዎ የምንነሳው እኛ ነን። የእርስዎ አላህና የእኛ እግዚአብሔር ተማክረው ጉልበትዎን ያቅኑት፤ ደጃፍዎ ጫማ አይጥፋበት፤ ጫማውንም እንደፈለጉ ይደርድሩት። ድስት ሁሉ ለእርስዎ ጨው ይነሰው። ይህ ጡረታ እንደ መጀመሪያው አይያዝልዎ!

ለማክ ቺክ ዛሌሃ! ለጎረቤታችን!

በልተዋል ወይ ብሎ የሚጠይቃቸው የለም። ሳህን አምጡ።