መነጽር አውልቆ ሰላምታ

ከባምባሲ ወደ አሶሳ በሚሄደው ሚኒባስ ከኋላዬ አንድ ሽማግሌና አማቻቸው ተቀምጠዋል። አማቹ እብነ በረድ ቆራጭ ነው፤ አንድ ዓይኑ በፋሻ ታስሯል።

«የዓይን መከላከያ መነጽር አልሰጧችሁም እንዴ?»

«ሰጥተውናል አባባ፤ አድርጌው ነበር።»

«ታዲያ?»

«እርስዎ ወደ ሥራ ቦታችን ሲመጡ ከሩቅ ሳይዎት ለሰላምታ አወለቅሁት። ጓደኛዬ ማሽኑን አላጠፋም ነበር፤ ፍንጣሪው ያኔ ገባ።»

«ለእኔ ብለህ?»

«የሚስቴን አባት ዓይኔን ሸፍኜ ሰላም ብል ምን ይሉኛል?»

«አማቼ ጅኒ ይመስላል እላለሁ! ሌላ ምን እላለሁ?»

አማቹ ሳቀ። ሽማግሌው አልሳቁም።

«ዓይንህ ከመታሰሩ በፊት ምን ይታይህ ነበር?»

«ብርሃን ብቻ።»

«አላህ ይመልስልህ። ሁለተኛ ስመጣ ሸፍነህ ሰላም በለኝ።»

አቧራው እንዳይገባባቸው በአጠገቤ ያለውን መስኮት ቀስ ብዬ ዘጋሁት።