የተዋጠው የጨው ልክ

ጋሽ ሽቦ በሬዲዮ ጣቢያው ውስጥ የድምፅ ቴክኒሽያን ሆነው ፀጉራቸውን ያሸበቱ ሰው ናቸው። ቅጽል ስሙን ያተረፉት አንገታቸው ላይ ገመድ ሳይጠመጥሙ ታይተው ስለማያውቁ ነው። ሲተኙም ከነገመዳቸው ነው እየተባለ ይቀለድባቸዋል፤ እሳቸውም አይከፋቸውም። የዚያን ዕለት ግን እንኳን ቀልድ ሰላምታም አላሰኛቸው።

ከሥራ አስኪያጁ ቢሮ ወጥተው ደረጃውን ሲወርዱ፣ እንግዳ መቀበያው ውስጥ ሳያስቡት ከእህታቸው ልጅ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። ልጁ የኮምፒዩተር ትምህርት ጨርሶ በቅርቡ ሥራ የያዘ ወጣት ነው። አጎቱ እነሱ ቤት ረስተውት የሄዱትን የማንበቢያ መነጽር ይዞላቸው መጥቶ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ትልቅ ስክሪን ቀና ብሎ ያያል።

«ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ? እናቴ የምታወራለት ስክሪን ይሄ ነው?»

«እሱ ነው» አሉ፣ ሐዘናቸውን ለአፍታ ረስተው። «አሁን የተቀዳ ሙዚቃ ስለሆነ ተኝቷል። ጉዱን የምታየው የቀጥታ ሥርጭት ሲጀመር ነው። የተናጋሪው ድምፅ ባለቀለም ማዕበል ሆኖ ይደንስልሃል። የሚያስደንሰውን የኮምፒዩተር ፕሮግራም ፈልጌ ያስገባሁት፣ ገመዱንም ከማሰራጫው ኮምፒዩተር የሳብኩት እኔው ነኝ። ተማሪዎች ሊጎበኙን ሲመጡ ከዚህ ግድግዳ የሚነቅላቸው የለም።»

ይህን ብለው ወዲያው ፊታቸው ጠቆረ። ወጣቱ ምን እንደሆኑ ቢጠይቃቸው፣ መተንፈሻ ፈልገው ኖሮ ሁሉንም ዘረገፉት። ሴት ልጃቸው «የእናቶች ሰዓት» የተባለው የቀጥታ ዝግጅት አዘጋጅ ናት። እናቶች ይደውላሉ፣ አብራት የምትቀርብ ሐኪም በቀጥታ ትመልሳለች። ሰሞኑን ግን ዝግጅቱ መሃል ላይ ድምፁ እየተቆራረጠ አስቸግሯል። ትናንት ልጇን ተቅማጥ ያደከመባት አንዲት እናት ደውላ፣ ሐኪሟ ቤት ውስጥ የሚበጠበጠውን መጠጥ ስታስረዳ ውሃውም ስኳሩም በደህና ተሰማ። ጨው ላይ ሲደርስ ድምፁ ተቆራረጠና ልኩ ተዋጠ። የጣቢያው ስልክ «ጨው ስንት ነው ያለችው?» በሚሉ እናቶች ተጨናነቀ።

«ሥራ አስኪያጁ አሁን ቁርጡን ነገረኝ» አሉ ጋሽ ሽቦ። «ዛሬም ከተቆራረጠ የልጄ ዝግጅት ከነገ ጀምሮ ተቀርጾ ነው የሚተላለፈው። እስቲ አስበው፣ ልጇ የታመመባት እናት የተቀረጸ ድምፅ ምን ብላ ትጠይቃለች?»

«ለመሆኑ የመረመሩት የትኛውን ፕሮግራም ነው ጋሼ?»

«የትኛውን ይባላል እንዴ? ድምፁን የሚያሰራጨውን ነዋ! ደጋግሜ አራግፌ እንደገና ጫንኩት። አሁንም ላራግፈው እየሄድኩ ነው።»

«ጥፋቱ የሱ ባይሆንስ?»

«የተቆራረጠው የማን ድምፅ ሆነና?»

«አውቶቡስ ውስጥ እግርዎን ቢረግጡዎት የሚጮኹት እርስዎ ነዎት፤ የረገጠዎ ሰውዬ ዝም ብሎ ቆሟል። እርስዎ ደግሞ የጮኸውን ብቻ ይዘው እየመረመሩ ነው። አውቶቡሱን በሙሉ የሚያይ ዘዴ አለ፤ ቢፈቅዱልኝ ላሳይዎት።»

ጋሽ ሽቦ ልጅ ሊያስተምረኝ ነው ብለው ቅር አላቸው። ግን የልጃቸው ሰዓት እየደረሰ ነበር፣ ሌላ መላም አልነበራቸውም። ይዘውት ሄዱ።

ከማሰራጫው ክፍል ጎን ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ወጣቱ ሌላ ኮምፒዩተር ፊት ተቀምጦ ጥቁር መስኮት ከፈተ። ነጭ ጽሑፍ ብቻ ያለበት፣ ሥዕል የሌለው፣ የሚጫኑት ምልክት የሌለው መስኮት ነው።

«ይሄ ምንድነው? ስክሪኑ ተበላሸ እንዴ?»

«ትእዛዝ የሚጻፍበት ነው ጋሼ። ከዚህ ሆኜ ማሰራጫው ላይ ያለውን ፕሮፋይለር አዘዋለሁ። ፕሮፋይለር ማለት የኮምፒዩተሩ አንጎል ጊዜውን ለማን ለማን እንደሚያውል የሚመዘግብ ነው። አንዱን ፕሮግራም ብቻ ሳይሆን ኮምፒዩተሩን በሙሉ እንዲያይ አደርገዋለሁ።»

«ቆይ እንጂ። ማሽኑ ትንፋሽ አጥሮት ሌላ ሸክም ልትጭንበት? ይሄ ምን የሚሉት ሕክምና ነው?»

እዚህ ላይ ለጋሽ ሽቦ መፍረድ ይገባል። የማያውቀውን ነገር ከሚንቅ ሰው አፍ የወጣ ቢሆንም ጥያቄያቸው የባለሙያ ጥያቄ ነበር፤ ወጣቱም አክብሮ መለሰላቸው።

«እውነትዎን ነው፣ ሸክሙ ጨርሶ የለም አልልም። ፕሮፋይለሩ ግን አንድ በአንድ አይቆጥርም፤ ወጥ እንደሚቀምስ ሰው በየመሃሉ ቀመስ እያደረገ ነው የሚሄደው። ባለሥዕሉን መስኮት ማሰራጫው ላይ ብከፍተው ሥዕሉ ራሱ ሥራ ይሻማዋል፤ በጽሑፍ ሳዘው ግን እሱ ሁሉ ይቀራል። ደግሞ አሁኑኑ እንዲመዘግብ አላደርገውም። ተዘጋጅተህ ቁም እለዋለሁ። ድምፁ ሲቆራረጥ ቀጥል፣ ሲበቃኝ አቁም።»

«ልክ እንደ ቴፕ መቅረጫ?»

«ልክ እንደ እሱ። ኮምፒዩተሩን በሙሉ ለማየት ግን የኃላፊ ፈቃድ ይፈልጋል። የይለፍ ቃሉ በእርስዎ እጅ ነው።»

ጋሽ ሽቦ ያንን ቃል ለሰው ሰጥተው አያውቁም። ልጁን አዩት፣ ሰዓቱን አዩት። «ዞር በል» አሉና ራሳቸው ጻፉት። ወጣቱ አንዲት መስመር ጨመረ፤ ፕሮፋይለሩ ተዘጋጅቶ ቆመ።

የቀጥታ ሥርጭት መጀመሩን የሚያሳየው ቀይ መብራት በራ። ስቱዲዮውን በሚያሳየው መስታወት ማዶ ልጃቸው ማይክራፎኑን ጠጋ አድርጋ አድማጮቿን ሰላም አለች። የመጀመሪያዋ ደዋይ የትናንቷ እናት ነበረች፤ ልጇ አሁንም እንደደከመ ነው። ሐኪሟ መጠጡን ከመጀመሪያው ልታስረዳት ጀመረች። «አንድ ሊትር ንጹሕ ው... ው... ስኳር ስድ...»

«ጀመረ!» አሉ ጋሽ ሽቦ፣ የወጣቱን ትከሻ ጨምድደው።

ወጣቱ «ቀጥል» የሚለውን ትእዛዝ ጻፈ። ጥቂት ትንፋሽ ያህል ጠብቆ «አቁም» ብሎ ጻፈ። በሦስተኛው ትእዛዝ ሪፖርቱ ጥቁሩ መስኮት ላይ ዝርግፍ አለ፤ ብዙ የሠራው ከላይ፣ ጥቂት የሠራው ከታች።

ጋሽ ሽቦ በመጣላቸው መነጽር ተጠግተው አነበቡ። ሲያሳድዱት የሰነበቱት የማሰራጫ ፕሮግራም ከታች በኩል ነበር፤ ምስኪኑ ተራ ሲጠብቅ ነው የዋለው። ከላይ የተቀመጠውን ስም ግን ወዲያው አወቁት። እንግዳ መቀበያው ግድግዳ ላይ የሚደንሰው ማዕበል ነው። የቀጥታ ድምፅ ሲመጣ ብቻ የሚነቃ፣ ሲነቃም የኮምፒዩተሩን አንጎል ጠቅልሎ የሚይዝ።

«የእኔ ጉድ ነው!» አሉ። «የልጄን ድምፅ የምበላው እኔ ነኝ።»

«ልዝጋው ጋሼ?»

«ተው። ያስገባሁት እኔ ነኝ፣ የማስወጣውም እኔ ነኝ። ምን ብዬ ልጻፍ?»

ወጣቱ ነገራቸው። ጋሽ ሽቦ በአንድ ጣታቸው ፊደል በፊደል እየለቀሙ በሕይወታቸው የመጀመሪያዋን ትእዛዝ ጽፈው ቁልፉን ተጫኑ።

ድምፁ ጥርት አለ። ሐኪሟ መቆራረጡን አስተውላ ኖሮ ከመጀመሪያው ደገመችው። «አንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ። ስኳር በሻይ ማንኪያ ስድስት። ጨው ግማሽ የሻይ ማንኪያ ብቻ። ሁሉም በልኩ፣ ያልተከመረ። በይ አንቺ ድገሚልኝ፤ ጨው ምን ያህል?»

«ግማሽ» አለች እናትየዋ። አንዲት ፊደል አልተዋጠችም።

ጋሽ ሽቦ ዓይናቸው እንባ ሞላ። ገመዳቸውን ከአንገታቸው አውልቀው የወጣቱ አንገት ላይ አጠለቁለት፤ ለማንም ያላደረጉት ነገር ነው።

ዝግጅቱ በቀጥታ መተላለፉን ቀጠለ። ከዚያ ወዲህ ከጋሽ ሽቦ ጋር መገናኘት አያድርስ ነው። ከሥራ አስኪያጁ ጀምሮ ጽዳት ሠራተኛዋ ሳትቀር ያገኙትን ሁሉ ይዘው ይሰብካሉ። «በግምት አትፍረዱ፣ ለኩ። ስትለኩም የተጠረጠረውን ብቻ ሳይሆን ቤቱን በሙሉ ለኩ። ችግሩ ሲመጣ ጀምሩ፣ ሲበቃችሁ አቁሙ፤ ቀኑን ሙሉ ከመዘገባችሁ የሚፈለገው ከማይፈለገው ይቀላቀልባችኋል። ትእዛዛችሁንም በጽሑፍ ስጡ። የተጻፈ ትእዛዝ ነገ ሳይለወጥ ይደገማል፣ ለባልደረባ ይላካል፣ ወንበራችሁ ላይ ተቀምጣችሁ ሌላ ክፍል ያለውን ማሽን ትመረምሩበታላችሁ። እኔ ይሄን ሳላውቅ ንጹሑን ስቀጣ ከረምኩ።»

ባለፈው ሳምንት ሊጎበኙ ከመጡት ተማሪዎች አንዷ እንግዳ መቀበያው ውስጥ ቆማ ስክሪኑን አየችና «አባባ፣ ለምን ጠፋ? ይደንሳል ሲሉን ነበር» ብላ ጠየቀች። ጋሽ ሽቦ ልጅቷን እጇን ይዘው ጥግ ላይ ወዳለችው ትንሽ ሬዲዮ ወሰዷትና ድምፁን ከፍ አደረጉላት። አንዲት እናት ስለ ልጇ እየጠየቀች ነበር። «የምናየው ነገር የለንም የኔ ልጅ» አሏት። «አሁን እንሰማለን።»