የማን «የእኛ»?

የማዘጋጃ ቤታችን ጸሐፊ ዶን ክሪስፒን በሁለት ጣታቸው ፊደል እየፈለጉ ይጽፋሉ። የልጄን የልደት ወረቀት ላወጣ ማዘጋጃ ቤት ገብቼ ወረፋ ስጠብቅ ከፊቴ የነበሩት ጎረቤቴ ዶኛ ሴፌሪና ነበሩ። የውሃ ጉድጓዳቸውን ሊያስመዘግቡ መጥተዋል፤ የምዝገባው የመጨረሻ ቀን ነው።

«‹ጉድጓዱ የእኛ ነው› ይላል። ልክ ነው?» አሉ ዶን ክሪስፒን፣ የኮምፒውተሩን ጥያቄ በስፓኒሽ እያነበቡ።

«የእኛ ነው እንጂ! ነፍሱን ይማረውና ባሌ አይደል የቆፈረው!»

ዶን ክሪስፒን «አዎ» የሚለውን ሊጫኑ ሲሉ አዲሷ ጸሐፊ ኔሊዳ፣ «ይቅርታ ዶን ክሪስፒን፣ በራሳቸው ቋንቋ በጓራኒ ብናነብላቸውስ?» አለች።

«ጓራኒ ለጓዳና ለቀልድ ነው፤ የመንግሥት ወረቀት በስፓኒሽ ነው። ደግሞ ቋንቋ ለመቀየር ፕሮግራሙ ተዘግቶ መከፈት አለበት። አንድ ሰዓት የለፋሁበት ቢጠፋስ?»

«አይዘጋም። የሞሉት እንዳለ ይቀመጣል፤ የሚለወጠው ጥያቄው የሚታይበት ቋንቋ ብቻ ነው። ከጠፋ እኔ እሞላዋለሁ፤ እርስዎ ቀዝቃዛ የቅጠል ሻይዎን፣ ቴሬሬዎን ይጠጣሉ።»

«እስካሁንስ ከመጠጣት በቀር ምን ሠራ?» አሉ ዶኛ ሴፌሪና።

ዶን ክሪስፒን እያጉረመረሙ ወንበሩን ለቀቁላት። ኔሊዳ የቋንቋውን ምልክት አንድ ጊዜ ተጫነች። ጥያቄዎቹ ሁሉ ወደ ጓራኒ ዞሩ፤ የሴትዮዋ ስምና የጉድጓዱ ጥልቀት ግን ከቦታቸው አልተነቃነቁም። ጮክ ብላ አነበበች።

ስፓኒሽ ያለው አንድ «የእኛ» ብቻ ነው፤ በእኛ በጓራኒ ግን «የእኛ» ሁለት ነው። «ኦሬ» ሲባል የእኛ እንጂ የአንተ ያልሆነ፣ «ኛንዴ» ሲባል አንተንም የጨመረ ነው። የተነበበው «ኛንዴ» ነበር።

ዶኛ ሴፌሪና ከመቀመጫቸው ተነሡ። «ኛንዴ? የሁሉም? የማዘጋጃ ቤቱም ጭምር? ውሃ የከለከልኩት ሰው የለም። ጉድጓዱ ግን ኦሬ ነው፤ የእኔና የልጆቼ!»

«የሕዝብ ላደርገው ነበር እኮ» አሉ ዶን ክሪስፒን፣ በጓራኒ። «ከሰኞ ጀምሮ ለአሥራ አንድ ሰው ‹አዎ› ብያለሁ። ኔሊዳ ልጄ፣ ዝርዝሩን አውጪልኝ፤ ሳይመሽ አስጠርቼ እንደገና እጠይቃቸዋለሁ።»

ሰው በማያውቀው ቃል ተጠይቆ የሰጠው መልስ የእሱ አይደለም፤ የጠያቂው ነው። በቋንቋው የተጠየቀ ግን መሬቱንም ውሃውንም ራሱ ይጠብቃል፤ ጸሐፊውም ሳያውቅ ከመበደል ይድናል። ለዚህ ሁሉ የተጀመረ ሥራ ማቋረጥ እንኳ አላስፈለገም።

ዶን ክሪስፒን «አይደለም» የሚለውን ራሳቸው ተጫኑ። ወረቀቱ ታትሞ ሲወጣ ማኅተም መቱበት፣ አንዱን ቅጂ ለዶኛ ሴፌሪና ሰጡ፣ ሌላውን መሳቢያ ውስጥ አኖሩት።