ከአጥር ማዶ ያለችው መምህርት

በሰባ ሦስት ዓመተ ምሕረት፣ ሐምሌ በገባ በሳምንቱ፣ ኦቦ ፈየራ ልጃቸውን ዱሬቲን ከፊት አስቀድመው የሁሉቃ ወንዝን ድልድይ ሲሻገሩ፣ ያን ቀን ጨርሶ ሊያዩት ከማይፈልጉት ሰው ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። እሷም መምህርት ወርቅቱ ነበረች፤ የዱሬቲ አስተማሪ፣ የእሳቸውም አጥር ተጋሪ ጎረቤት።

ኦቦ ፈየራ በአምቦ ኮርቻ በመስፋት የታወቁ ሰው ናቸው። ከወንጪ ፈረሱን ጭኖ የመጣ ሁሉ በረንዳቸውን ሳይረግጥ አይመለስም። እጃቸው ወርቅ ነው፤ አፋቸው ግን ጉራ ይወዳል። መምህርቷ ከቤታቸው አጠገብ ከተከራየች ወዲህማ ብሶባቸው፣ ደንበኛ በመጣ ቁጥር «የእኔ ልጅ ምን ይጎድላታል? አስተማሪዋ ጎረቤቷ!» ሳይሉ ወስፌ አያነሱም ነበር። ሰኔ ላይ ዱሬቲ አራተኛ ክፍልን ወደቀች። ከዚያ ወዲህ በአጥሩ ላይ ሰላምታ ጠፋ።

«አካም ቡልተን፣ ኦቦ ፈየራ!» አለች ወርቅቱ፣ ጃንጥላዋን ወደ ልጅቷ ዘንበል አድርጋ። «በዚህ ዝናብ ጓዝ ይዛችሁ ወዴት ናችሁ?»

«ደኅና አደሩ፣ መምህርት።» አንቺ እያሉ የለመዷትን ጎረቤት እርስዎ ማለታቸው ቁጣቸውን ለማወቅ በቂ ነበር። «ወደ ጀልዱ፣ ጎጆ ከተማ ነው። ከወንድሜ ዘንድ ሆና እዚያ ትማራለች።»

«እናቷስ እሺ አለች?»

«ስታለቅስ አደረች። እኔ ግን ቆርጫለሁ። መምህርና ወላጅ አጥር ለአጥር መኖር የለባቸውም። መምህር የሚፈራው ከሩቅ ሲሆን ነው። ልጄ እርስዎን ልብስ ሲያጥቡ፣ ከድንች ሻጭ ጋር ሲከራከሩ እያየች እንዴት ትፍራዎት?»

«ዱሬቲን የጣላት እንግዲህ የእኔ ልብስ ማጠብ ነው?»

ልጅቷ ጓዟን አቅፋ ፈገግታዋን ደበቀች። አባትየው ግን አልሳቁም።

«ይቀልዱብኝ! ከሰንቀሌ በእግሩ የሚመጣው ባይሳ፣ ልጁ መድከሙን ከየካቲት ጀምሮ ያውቅ ነበር። እኔ ሳል ሲይዝዎ ሳልዎ የሚሰማኝ ሰው፣ የልጄን መውደቅ ያወቅሁት ከአገር ሁሉ በኋላ ነው። ጉርብትና ይኼ ነው?»

ክሱ እውነት ነበር። እዚህ ላይ ሌላ ሰው ቢሆን ይቆጣ ነበር፤ ወርቅቱ ግን በለዘበ ድምፅ ተናገረች።

«ኦቦ ባይሳ በወላጆች ቀን መጥቶ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። እርስዎ መጥተው ነበር?»

«ለምን ብዬ? ጎረቤቴ አይደሉም እንዴ? ነገር ካለ በአጥር ትጠራኛለች ብዬ ኮርቻዬን እሰፋ ነበር።»

«እኔም ይመጣሉ ብዬ ስጠብቅዎ ነበር። ሲቀሩ ጊዜ ደጅዎ ድረስ መጣሁ። ትዝ ይልዎታል? የፋሲካ ማግስት ነው። ገና ሳልቀመጥ እርጎ በዋንጫ ሰጡኝ። የሰው እርጎ በእጄ ይዤ፣ ልጅዎ ሒሳብ ከጓደኛዋ ትኮርጃለች እንዴት ልበል? አፈርኩ። ጠጥቼ፣ መርቄ ወጣሁ።»

ኦቦ ፈየራ ዋንጫውን አስታወሱ። መምህርቷ ያን ቀን እርጎውን እንደ መድኃኒት ስትጠጣው አይተው፣ ኮምጥጦባት ይሆናል ብለው ነበር።

«የባሰም ጥፋት አለብኝ» አለች ወርቅቱ። «ለጎረቤቷ ታዳላለች እንዳልባል፣ እጇን ስታወጣ እያለፍኳት ከረምኩ። ዱሬቲ ስሌቱ አይከብዳትም። ጥያቄውን በአማርኛ ስታነብ ነው የሚጠፋት። አጠገቧ ተቀምጬ በኦሮምኛ ባስረዳት ይቃና ነበር።»

«ታዲያ ያልኩት ይኼን አይደል? ያሳፈረን ቅርበታችን ነው። መለያየት ይሻላል።»

«ያሳፈረንስ የጎረቤትን ወግና የትምህርት ቤትን ጉዳይ መደባለቃችን ነው። ጎጆ ስትሆን ማንን ይጠይቃሉ? መንገዱ በጭቃ ሲዘጋ መድከሟን ማን ይነግርዎታል? እዚህ ጉዳዩን ያወቅን ሁለት ሰዎች አለን።»

ኦቦ ፈየራ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «አንቺስ ብትሆኚ፣ ምላስ አልነበረሽም? ለምን አልነገርሽኝም?»

ዱሬቲ ጓዟን አጥብቃ ያዘች። «እንዴት ልንገርህ አባ? ለደንበኛ ሁሉ ምን ይጎድላታል ትል ነበር። ጎደለኝ ብልህ በሰው ፊት የማዋርድህ መሰለኝ።»

ከመናኸሪያው በኩል የመኪናው ረዳት «ጎጆ! ጎጆ!» እያለ ሲጣራ ተሰማ። ኦቦ ፈየራ አልተንቀሳቀሱም። ለፈረስ ጀርባ የማይቆረቁር ኮርቻ ሲሰፉ የኖሩ ሰው፣ በገዛ ልጃቸው ላይ ምን ሲጭኑ እንደ ከረሙ ያን ጊዜ ገባቸው፤ ልባቸው ተነካ። ጓዙን ከእጇ ተቀበሉ።

«መኪናው ይሂድ» አሉ። ከዚያም ወደ ወርቅቱ፦ «ቤትሽ አስገብተሽ ብታስተምሪያት ሰው ያወራል። የእኔ በረንዳ ግን መንገድ ዳር ነው፤ የሚደበቅ ነገር የለውም። የደከሙትን የሰፈር ልጆች ሁሉ ሰብስቢልኝ፤ ወንበሩን እኔ አዘጋጃለሁ።»

ክረምቱን ሙሉ ያ በረንዳ ግማሹ የቆዳ፣ ግማሹ የልጆች ሆነ። ከዝናብ የተጠለለበት መንገደኛ ሁሉ ስላየው ሐሜት መነሻ አጣ። ልጅ ሲደክም ለዓመቱ መጨረሻ ሳይቆይ ይታወቃል፤ ወላጅም ሳይፈራ ይጠይቃል፤ መምህሩም ሳያፍር ይናገራል። የአንድ ሰፈር ሰው መሆን እንዲህ ሲያዝ ነው ጥቅሙ።

በኅዳር የወላጆች ቀን ኦቦ ፈየራ ጋቢያቸውን አሳጥበው ከባይሳ ጎን ተራ ያዙ። ባይሳ ሳቀባቸው። «አንተ ደግሞ ምን ሆነህ ትሰለፋለህ? ጎረቤትህ አይደለች?»

«ጎረቤቴማ ማታ ትመጣለች» አሉ ኦቦ ፈየራ። «እዚህ የመጣሁት የልጄን መምህርት ብዬ ነው።»

ተራቸው ሲደርስ ወርቅቱ፣ ዱሬቲ በሒሳብ መሻሻሏን፣ በንባብ ግን ገና ደካማ መሆኗን ፊት ለፊት ነገረቻቸው። «እግዜር ይስጥልኝ፣ መምህርት» ብለው እጅ ነስተው ወጡ። ያን እለት ማታ እርጎው ቀረበ፤ ወርቅቱም ሳይተናነቃት ዋንጫውን ጨረሰችው።