ዝምተኛዋ ልጅ የት ትግባ

ከአቀስታ ወደ መካነ ሰላም በሚሄደው ሚኒባስ፣ ከፊቴ የተቀመጠች ወጣት እናት የአራት ዓመት ልጇን የት እንደምታስገባት ከጎኗ ያሉትን ሽማግሌ ታማክራቸው ነበር።

«የግሉ መዋዕለ ሕፃናት ዥዋዥዌ አለው፤ ደንብ ልብሱም ያምራል» አለች።

«ታዲያ አስገቢያት።»

«ግቢው ውስጥ አማርኛ ክልክል ነው አሉኝ። ውሃ ሲጠማት በምን ቋንቋ ትጠይቅ?»

«የመንግሥቱስ?»

«መምህሯ ደግ ናት። ግን ልጆቹ ብዙ ናቸው፤ የእኔዋ ዝምተኛ ስለሆነች ተረስታ ትውላለች።»

«እንግዲያ የእኛ ደብር የኔታ ዘንድ ውሰጃት።»

«አባባ፣ እኛ እኮ እስላም ነን።»

«ፊደል ትቁጠር አልሁ እንጂ ትቀድስ አልሁ?»

«እሱስ አባቷም እዚያው ነው የቆጠረው። ግን የኔታ አርጅተዋል፤ ማን ያያታል?»

«ፊደል የጨረሰ ልጅ ነው ጀማሪውን የሚያስቆጥረው። ለእያንዳንዱ ጀማሪ አንድ አስቆጣሪ ይመደብለታል። ጀማሪዋ መልስ ብታጣ የሚገሠጸው አስቆጣሪዋ ነው።»



«እንዲያ ከሆነ ኢንሻአላህ ሰኞ እወስዳታለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ቁርኣን ቤት ትሄዳለች።»

«ባልሽን ሳታማክሪ?»

«አባባ፣ ዝምተኛዋ ልጄ ናት እንጂ እኔ አይደለሁም።»

እኔ ግን እንደ ልጇ ዝምተኛ ነኝና መውረጃዬ ሲያልፍ እያየሁ «ወራጅ አለ» ሳልል ቀረሁ።